ከመርዶው ቀን ጀምሮ

ኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ማዶ፣ ብሎክ ዐሥራ ሁለት ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚንኳኳው የእማማ ትርፌ በር ነው። ሐኪሙም፣ ቀባሪውም፣ መንግሥትም ከሳቸው በኋላ ነው የሚሰሙት።

እማማ ትርፌ ስድሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። የብሎኩ እድር ዳኛ ከሆኑ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አልፏቸዋል። የተመረጡት ከሰው ሁሉ የተሻሉ ሆነው አይደለም፤ በሕንፃው ውስጥ ወንድምና እኅት ኖሮት የሚያውቅ ከሳቸው በቀር ስላልነበረ ነው። ስድስት ነበሩ። ወጣቶቹ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ይፈጣል።

«ስድስታችሁም አንድ ቤት? ታዲያ እንዴት ነበር የምትተኙት?»

«እየተገፋፋን» ይላሉ እማማ ትርፌ፣ ኮራ እያሉ።

የልክ ሕግ ከወጣ ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ለአንዲት ሴት አንድ ልጅ፣ እሱም ተራዋ ሲደርስ። ከሕጉ ወዲህ ‹ትርፍ› የሚባለው ያለ ፈቃድ የተጸነሰ ልጅ ነው፤ ስለዚህ ትርፌ ብሎ ስም የሚያወጣ ወላጅ ጠፍቷል። ሕጉን የሚያስፈጽመው ጽሕፈት ቤት ረዘም ያለ ስም አለው፣ ሰው ግን ‹ልክ ቤት› ብሎ አሳጥሮታል። የልክ ቤት ጸሐፊዎች የእማማ ትርፌን መታወቂያ ሲቀበሉ አንዴ ቀና ብለው ያዩዋቸዋል። እሳቸውም ዓይናቸውን አይሰብሩም።

በየበሩ ላይ መዳፍ የምታህል ሰሌዳ አለች። ‹ሦስት ከሦስት› ካለች ቤቱ ሞልቷል ማለት ነው። ‹ሁለት ከሦስት› ካለች ባልና ሚስቱ ተራ እየጠበቁ ነው፣ ወይም ያልታደሉ ናቸው። ደረጃ የሚወጣ ጎረቤት ሰሌዳዋን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ ሰላምታውን እንደ ቁጥሩ ያስተካክላል። ልጅ ላለው «ትንሿስ እንዴት ናት?» ይላል፤ ለሌለው ደግሞ ስለ ውሃው መጥፋት ያወራል።

አክስትና አጎት በተራ ናቸው። ሠርግ ወይም ለቅሶ ያለበት ቤት ለእድሩ ያመለክታል፤ ከደረጃው ሥር የተለጠፈው ዝርዝር የወሩን አክስቶችና የወሩን አጎቶች ያሳያል። የወሩ አጎት ሥራ ከገጠመው ከሚቀጥለው ወር አጎት ጋር ይቀያየራል። ይህን ሁሉ ያዋቀሩት እማማ ትርፌ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ በመሰብሰቢያው አዳራሽ ለቅሶ ያስተምራሉ፤ ማን ከማን ቀድሞ እንደሚገባ፣ ሰው ደረቱን ሲመታ ማን እጁን እንደሚይዘው፣ ምን ተብሎ እንደሚለቀስ። ተማሪዎቹ ማስታወሻ ይይዛሉ። «‹ወንድሜን፣ ወንድሜን› በሉ» ይሏቸዋል፤ ወንድም ኖሯቸው የማያውቁ ሰዎች በአንድ ድምፅ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» ይላሉ።

እድሩ ውስጥ አንድ የማይጣስ ደንብ አለ። ማንም ሰው መርዶ በስልክ አይሰማም። ይህንንም ያወጡት እሳቸው ናቸው። ልጃገረድ ሳሉ ታላቅ ወንድማቸው ሲሞት እናታቸው የሰሙት ታክሲ ውስጥ፣ በማያውቋቸው ሰዎች መካከል ተጣበው ተቀምጠው፣ ከስልክ ላይ አንብበው ነበር። ከታክሲው ሲወርዱ የያዙትን ዘንቢል ረስተው ወረዱ፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ልባቸው አልተመለሰም። እማማ ትርፌ ያን ዘንቢል እስከ ዛሬ አልረሱትም። መርዶ በጎህ ነው የሚነገረው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ፣ ሰውየው ጉልበቱን አግኝቶ። ጉልበት እስኪያገኝ አንድ ሳምንትም ሆነ አንድ ወር ይደበቃል። ይህ ውሸት አይባልም።

ጥር ላይ የአራተኛው ፎቅ ንጋቷ ደሴ ሄዳ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ንጋቷ የሠላሳ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ትመረምራለች፣ ከዓይኗ የሚያመልጥ ክር የለም ይባልላታል። ባሏ ይርዳው የጭነት ባቡር ነጂ ነው። ወለላ የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረቻቸው።

ንጋቷ ሆስፒታል በገባች በአምስተኛው ቀን ወለላን ትኩሳት ያዛት። በሁለተኛው ቀን ሞተች። ጥር ሃያ አንድ ነበር።

ልጅ ሲሞት ብሎኩ እንዴት እንደሚሆን ያላየ አያውቀውም። ሁሉም ቤት አንድ ልጅ ነው ያለው፤ ስለዚህ ሁሉም በሩን ዘግቶ የራሱን ልጅ ግንባር ይዳብሳል። ቀብሩ ላይ የመጣው ሰው ብዙ ነበር፣ ቶሎ መሄድ የፈለገው ግን ይበልጥ ነበር። የወሩ አጎቶች ትንሿን ሣጥን ተሸከሙ። ይርዳው አላለቀሰም፤ ሰው አቅፎት ወደዚህ ሲመልሰው ወደዚህ፣ ወደዚያ ሲመልሰው ወደዚያ ይሄድ ነበር።

ማታውን «ለንጋቷ ልንገራት፤ ነገ ልሂድና ልንገራት» አለ።

«ዶክተሯ ምን አለች?» አሉት እማማ ትርፌ።

«ለአንድ ወር ድንጋጤ የሚባል ነገር እንዳታስጠጉባት ነው ያለችው።»

«እንግዲህ ሰማህ። ልጅህን ቀብረሃል፤ ሚስትህን ልትደግም ነው? ተወው ለኔ። ቤቷ ትግባ፣ ትንሽ ትጠንክር፣ ከዚያ እንደ ሰው ወጉ ይነገራታል።»

እድሩ ሥራውን ተከፋፈለ። የአራተኛው ፎቅ ሰሌዳ በማግሥቱ ራሷን ቀይራ ‹ሁለት ከሦስት› ስላለች ይርዳው የቀን መቁጠሪያ ሰቀለባት። ደሴ ሄዶ ንጋቷን የሚያስታምም ሰው ያስፈልግ ነበር፤ የወሩ አክስቶች ዓይናቸው ያብጣልና አይታመኑም። እማማ ትርፌ ራሳቸው ሄዱ። ዓይናቸውን መግዛት ያውቁበታል።

በድሮ ጊዜ እንዲህ ሲሆን ልጅቷ አክስቷ ጋር ሄዳለች ይባል ነበር። አሁን አክስት የለም። ስለዚህ ወለላ ከትምህርት ቤቷ ጋር ሐይቅ ዳር ካምፕ ወጥታለች ተባለ፤ ካምፑም በሆነ ባልሆነው እየተራዘመ ሄደ። ንጋቷ የልጇ ድምፅ ሲናፍቃት የእድሩ ጸሐፊ ስልኳን የልጅቷን ድምፅ አስመስሎ እንዲያወራ አዘጋጀው። በወለላ አነጋገር፣ በወለላ ሳቅ፣ «እማዬ፣ በልቻለሁ፤ ዛሬ በጀልባ ሄድን» ይል ጀመር። ንጋቷ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ታወራዋለች። «ጸጉርሽን ማን ነው የሚሠራሽ?» ትላለች። ስልኩም የአንዷን መምህርት ስም ጠርቶ ይመልሳል። እማማ ትርፌ ያን ሩብ ሰዓት ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ግድግዳ ተደግፈው ያሳልፉታል። የሚያደርጉት ነገር ትክክል ስለመሆኑ ግን አንድ ቀንም አልተጠራጠሩም።

ስልኩ ከዚያች ሩብ ሰዓት በቀር የሚቀመጠው እሳቸው ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ በሽተኛ ስልክ እንዳይዝ የክፍሉ ደንብ ነው፣ ቁልፉን ንጋቷ ራሷ ነግራቸዋለች። ጥር ሃያ ሦስት ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ከልክ ቤት መልእክት ገባ። እማማ ትርፌ ከፈቱት። «ክብርት ወይዘሮ ንጋቷ፣ በልጅዎ በወለላ ይርዳው ሞት የተሰማንን ጥልቅ ኀዘን እየገለጽን» ይላል። ታክሲው ታያቸው፣ ዘንቢሉ ታያቸው። ከታች ብዙ ጽሑፍ ነበረው፤ መንግሥት መቼም ማስረዘም ይወዳል ብለው አላነበቡትም። አጠፉት።

ከሆስፒታሉ ሲወጡ እዚያው ደሴ የምትኖረው ልጃቸው ማስተዋል ቤት ጎራ ይላሉ። ማስተዋል ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ አንድ ልጃቸው ናት። ስድስት ዓመት ተራ ጠብቃ ባለፈው ዓመት ፈቃዱ ወጣላትና አሁን ነፍሰ ጡር ናት። እማማ ትርፌ ከአንዲቷ እናት አልጋ ተነሥተው ወደ ሌላዋ እናት ሶፋ ሲሄዱ መንገድ ላይ ፊታቸውን ይለውጣሉ። ደስታቸውን ደብቀው፣ ኀዘናቸውን ደብቀው፣ ያን ወር ሙሉ የራሳቸውን ፊት ያገኙት ታክሲ ውስጥ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ይርዳው ደሴ መጥቶ ንጋቷን ጠይቆ ሲወጣ ደረጃው ላይ አስቆማቸው።

«እማማ፣ ባቡር ላይ ያሉ ሰዎች ምትክ የሚጠየቀው በሠላሳ ቀን ነው ሲሉ ሰማሁ። ሠላሳ ቀኑ ከመቼ ነው የሚቆጠረው?»

ምትክ የሚሉት፣ ልጅ ሞቶ እናቲቱ ገና መውለድ የምትችል ከሆነች በሞተው ፈንታ ሌላ የምትወልድበትን ፈቃድ ነው። የምትጠይቀውም እናቲቱ ብቻ ናት፣ በአካል ቀርባ። እማማ ትርፌ ስለዚህ ነገር ከሰው አፍ የሚያውቁትን ያህል ያውቃሉ።

«ከመርዶው ነዋ» አሉት። «እናት ሳትሰማ ምን ብላ ትጠይቃለች? ለቅሶው ራሱ የሚጀምረው ከመርዶው አይደል?»

«ለማንኛውም ልክ ቤት ሄጄ ልጠይቅ?»

«እዚያ ተናግረህ፣ ወሬው በየት በየት ዞሮ ፋብሪካዋ ይግባ፣ ከፋብሪካዋ አልጋዋ ድረስ ይምጣ? ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ይሄን ሥራ ሠርቻለሁ፣ ልጄ። ስንት ቤት አልፏል በእጄ።»

ይርዳው አንገቱን ነቀነቀ። እውነቱን ነው፣ ከሳቸው የተሻለ የሚያውቅ ሰው ማንን ያገኛል?

የንጋቷ ቁስል አመርቅዞ ቆየ። ወደ ቤቷ የተመለሰችው የካቲት ሃያ ሦስት፣ ወደ ማምሻው ላይ ነው። በሩ ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አይታ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች፤ ይርዳው «ውበት ነው» አላት። ወለላ ነገ ትመጣለች አሏት። የልጅቷ አልጋ ላይ ተቀምጣ የልጅቷን ልብስ ስታጣጥፍ አመሸች።

በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል ደረጃው በሰው ተሞላ። ሠላሳ ሰው ሲተነፍስ ብቻ ይሰማል። እማማ ትርፌ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አንኳኩ። ንጋቷ ከፈተች፤ ነጠላቸውን አየች፣ ከኋላቸው ያለውን ሰው አየች።

«ይርዳው ነው?» አለች። ይርዳው ግን ከኋላዋ ቆሟል። ዞራ አየችው።

«ልጄ፣ ጠንከር በይ» አሉ እማማ ትርፌ። «ወለላ አርፋለች።»

እንደተማሩት ሁለቱ አክስቶች ክንዷን ያዙ። ንጋቷ ግን አልወደቀችም። «መቼ?» አለች። ነገሯት። «ትናንትና ስልክ ላይ ያወራኋትስ?» አለች። ለዚህኛው ጥያቄ በቅዳሜ ትምህርት ውስጥ የተዘጋጀ መልስ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የመጣው ጩኸት እስከ ታችኛው ብሎክ ተሰማ ይላሉ።

ሦስት ቀን ተቀመጡ። በአራተኛው ቀን፣ የካቲት ሃያ ሰባት፣ ንጋቷን ደግፈው ልክ ቤት ወሰዷት። ሰው ልጁን ቀብሮ በሳምንቱ ምትክ ሲጠይቅ ድሮ ነውር ነበር፤ አሁን ግን ሰዉ ለምዶታል። መንገድ ላይ ይርዳው «ሴት ትሁን ወንድ፣ ምንም አይደል» ሲል እማማ ትርፌ ሰምተውታል። ከወር በላይ ከሰውየው አፍ የወጣ የመጀመሪያው ተስፋ ነበር።

ጸሐፊዋ ወጣት ናት፤ ትሑት፣ ጥፍሯ በደንብ የተሠራ። መዝገቡን ከፈተችና ቅንድቧን ሰበሰበች።

«ቀኑ አልፏል እኮ። ሠላሳ ቀኑ የሚቆጠረው ከሞቱ ዕለት ነው። የካቲት ሃያ አንድ ተዘግቷል።»

«አላወቀችም ነበር» አለ ይርዳው። «ሆስፒታል ነበረች። የተነገራት ሃያ አራት ነው።»

«ማስታወቂያው ደርሷቸዋል። ጥር ሃያ ሦስት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከዐሥር ተከፍቶ ተነቧል። ቀኑም፣ የሚቀርቡበት ቢሮም ከታች በዝርዝር ተጽፎ ነበር። ከዚያ ተሰርዟል።»

እማማ ትርፌ ያነበቡት የመጀመሪያው መሥመር፣ ያላነበቡት የታችኛው ጽሑፍ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣባቸው።

«የከፈተው ሌላ ሰው ከሆነ» አለች ጸሐፊዋ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ «ይግባኝ አለ። ሰውየው ራሱ መጥቶ ከፈረመ ቀኑ እናቲቱ ከሰሙበት ይቆጠርላቸዋል። እስከ መጋቢት ስምንት ጊዜ አላችሁ።»

«የፈረመው ሰውስ ምን ይሆናል?» አለ ይርዳው።

«የእናት ማስታወቂያ መደበቅ የልክ ጥፋት ነው። የዚያ ሰው ቤት ፈቃድ ይሰረዛል፤ ልጅ ካለው የልጁም አብሮ። ፅንስ ካለና አምስት ወር ካልሞላው ይቋረጣል።» የሻይ ዋጋ የምትናገር ነበር የሚመስለው። ወደ ንጋቷ ዞረች። «ያን ቀን ስልክዎ ማን ጋር ነበር?»

ንጋቷ እማማ ትርፌን አየቻቸው። ጨርቅ በሚመረምር ዓይኗ አየቻቸው። እማማ ትርፌ ‹እኔ ነኝ› ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ እግዜር ይመስክር፣ ከፍተው ነበር። በዚያው ቅጽበት ማስተዋል ሶፋዋ ላይ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ታየቻቸው። አፋቸውን መልሰው ዘጉ።

ንጋቷ ጠበቀቻቸው። ጸሐፊዋ ሰዓቷን እስክታይ ድረስ ጠበቀቻቸው።

«አላስታውስም» አለች በመጨረሻ። «ታምሜ ነበር።»

ይግባኙ እስኪዘጋ ያለው ጊዜ በቀን መቁጠሪያ አጭር ነው። እማማ ትርፌ ግን ያን ያህል ረጅም ጊዜ ኖረው አያውቁም። በሦስተኛው ቀን ልክ ቤት በር ድረስ ሄደው ነበር። ጥበቃው «ለምን ጉዳይ ነው፣ እማማ?» ሲላቸው «መታወቂያ ላሳድስ» አሉትና መታወቂያቸው ያላለፈበት መሆኑን አይቶ መለሳቸው። አመሰገኑት። ወዲያው ደግሞ በማመስገናቸው አፈሩ። ቤታቸው ገብተው ማስተዋል ጋ ደወሉ። «ምን በላሽ?» አሏት። «ሦስት ጊዜ እኮ ጠየቅሽኝ ዛሬ» አለቻቸው።

ለራሳቸው ብዙ ነገር ነገሩ። የንጋቷ ገና የለም፣ የማስተዋል ግን አለ፤ የሌለን ለማምጣት ያለውን ማጥፋት ግፍ ነው አሉ። እውነት ነው። ደግሞም በደግነት ያደረግሁት ነው አሉ። እሱም እውነት ነው። ሁለቱን እውነቶች ይዘው ሲተኙ ግን እንቅልፍ እምቢ ይላል። ሠላሳ ቀኑን ‹ከመርዶው ነዋ› ብለው የመለሱበት ድምፅ፣ ያ ዐዋቂነት፣ ያ ኩራት፣ ሌሊቱን ሙሉ ጆሯቸው ላይ ይጮኻል። አንድ ስልክ ደውለው ቢጠይቁ ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። የሚያንገበግባቸው ይሄ ነበር።

የቅዳሜውን ትምህርት አልሰረዙም። «ወንድሜን፣ ወንድሜን» አስባሉ።

መጋቢት ስምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ንጋቷ ብቻዋን መጣች። ልክ ቤት የሚዘጋው ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ እሷ የመጣችው ዘጠኝ ላይ ነው። እማማ ትርፌ ወንበር ሳቡላት። ደረጃው አድክሟት ነበርና እስክታርፍ ድረስ ደረቷን ይዛ ተቀመጠች። ውሃ ሰጧት፣ ጠጣች።

«ማስተዋል ስንት ወሯ ነው?» አለች።

«አራት ሊሞላት ነው።»

«ይታያል?»

«ትንሽ፣ ትንሽ። ለሚያውቅ ሰው።»

ንጋቷ ብርጭቆውን አስቀመጠች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ከሃያ ይላል። ከዚህ ልክ ቤት ድረስ በእግር ሩብ ሰዓት ነው፤ ሁለቱም ያውቁታል። «ልጄ» አሉ እማማ ትርፌ።

«እኔን ስትወልደኝ እናቴ አርባ ዓመቷ ነበር» አለች ንጋቷ። «ተራዋ ዘግይቶ። ‹ስትመጪ አርጅቼ ጠበቅሁሽ› ትለኝ ነበር።» ተነሣች። «ማስተዋልን ሰላም በሉልኝ። ደረጃ አታብዛ።»

በሩ ድረስ ሸኟት። እሷ ስትወርድ ሳይሆን ስትወጣ ሰሟት፤ ወደ ቤቷ፣ ወደ አራተኛው ፎቅ፣ በየወለሉ እያረፈች። ሊጠሯት ይችሉ ነበር። ወንበሩ ላይ ተመልሰው ተቀመጡና ሰዓቱን ማየት ጀመሩ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ሲሞላ እፎይ አሉ፤ እፎይ ማለታቸውንም ሰሙት። እንዲህ ዓይነት ሴት መሆናቸውን እስከዚያ ቀን አያውቁም ነበር።

የቀን መቁጠሪያው ከአራተኛው ፎቅ በር ላይ ወረደ። ጎረቤቱ ሲያልፍ ስለ ውሃው መጥፋት ያወራል። ይርዳው ረጅም መንገድ ያላቸውን ባቡሮች መርጦ መንዳት ጀመረ። እማማ ትርፌን ሲያገኛቸው ጎንበስ ብሎ ሰላም ይላቸዋል፣ ዓይናቸውን ግን አያይም። መልእክቱን የደበቁት እሳቸው መሆናቸውን ብሎኩ ሁሉ ያውቃል፤ ዳኝነቱን ይልቀቁ ያለ ግን የለም። ለቅሶ የሚያውቅ ሌላ ሰው የለማ።

ነሐሴ ላይ ማስተዋል እናቷ ቤት ልትወልድ መጣች። ሴት ልጅ ወለደች፤ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም፣ ድምፅዋ ደረጃውን የሚሞላ። በብሎኩ ሕፃን ከተወለደ ሁለት ዓመት አልፎ ስለነበር ሰው አራስ ለመጠየቅ ብቻ ሳይሆን የሕፃኗን ለቅሶ ለመስማት ጭምር ይመጣል። ቆመው ይሰሟታል፣ ይሥቃሉ፣ አንዳንዱ ዓይኑን ጠርጎ ይሄዳል።

በሰባተኛው ቀን ስም ይመዘገባል። የልክ ቤት መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ እስከ ስድስት ሰዓት ስም ካልተነገረው ከዝርዝሩ ራሱ መርጦ ያወጣል። ማስተዋልና ባሏ አልተስማሙም። እሱ የእናቱን ስም ይላል፣ እሷ የሚያምር ነገር ትላለች። ቤቱ በጎረቤት ሞልቶ ሁሉም የየራሱን ሐሳብ ሲወረውር ንጋቷ ገባች። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በወረቀት የተጠቀለለ የሕፃን ልብስ ይዛለች። ሰው መንገድ ለቀቀላት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለቻት ማስተዋልን፤ ጉንጯንም ሳመቻት። ሕፃኗን ተቀበለች። አያያዟን አልረሳችውም፤ ክንዷ ራሱ ያውቀዋል።

«ስም አጥታችሁ ነው አሉ።»

«አንቺ አውጪልን በናትሽ፣ እኛ ልንጣላ ነው» አለች ማስተዋል እየሣቀች። ንጋቷ ልጅ እንደሞተባት ሰምታለች፤ ከዚያ የዘለለ የምታውቀው ግን የለም። ለነፍሰ ጡር የሞተ ሕፃን ወሬ አይወራም ብለው እማማ ትርፌ ያን ስም ከፊቷ አንሥተውት አያውቁም።

«ወለላ» አለች ንጋቷ።

በሩ አጠገብ የቆመችው ጎረቤት የያዘችውን ሣህን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ወለላ» አለች ማስተዋል ቃሉን እያጣጣመች። «ውይ፣ ደስ ሲል። እማዬ፣ ደስ አይልም?»

እማማ ትርፌ ንጋቷን አዩ። ንጋቷ ዓይኗን ከሕፃኗ ላይ አላነሣችም። አይሆንም ማለት ይቻላል፤ አይሆንም ያለ ግን ለምን ይባላል፣ ለምን ለተባለ ደግሞ መልሱ ረጅም ነው፤ መልሱን የምትሰማው ልጃቸው ናት፣ የሰባት ቀን አራስ።

«ደስ ይላል» አሉ።

«እንግዲያው ያስመዝግቡላታ» አለች ንጋቷ። «የቤቱ ባለቤት ነው የሚጠራው።»

እማማ ትርፌ ወደ መሣሪያው ጎንበስ አሉ። ስሙን ጠሩ። መሣሪያው ድምፁ አልተሰማም፣ እባክዎ ይድገሙት አለ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጮክ አድርገው፣ ብሎኩ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ወለላ» አሉ።

ሕፃኗ ዓይኗን ገለጠች። ንጋቷ የሕፃኗን ፊት ወደ እማማ ትርፌ አዙራ ያዘችላቸው።

«አቤት በያቸው» አለቻት። «አያትሽ እየጠሩሽ ነው።»